እንዶድና ቀንድ አውጣ፦ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ሕይወትና ሥራ

የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት ለማስታወስ በተመደበው በዚህ ዓምድ፣ ለአሁኑ እትም የመረጥናቸው ኢትዮጵያዊው የሳይንስ ሊቅ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። እንዶድን በየአጥሩ ጥግ የማያውቅ፣ እናቱ ወይም አያቱ ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት ያላየ የወልድያና የአካባቢዋ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ከለመድነው ቁጥቋጦ አንድ የአገራችን ሰው ምን ያህል ትልቅ ነገር እንዳገኙ፣ የደከሙበትም ሥራ በምን ምክንያት እንደ ተገታ የሚያውቅ ብዙ አይመስለንም።

አክሊሉ ከመረመሯቸው ነገሮች ዋናው ይህ ነበር፤ ሕይወት ያለው ነገር እንዲያድግና እንዲባዛ የሚረዳው ምንድን ነው? እንዳያድግስ የሚያግደው ምንድን ነው? ምርምሩ የተካሄደው በአንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣና በውስጧ በሚያድግ ጥገኛ ትል ላይ ነው፤ ውጤቱ ግን የሚታየው በልጆቻችን ቁመት፣ ጉልበትና ትምህርት ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለወላጆችና ሕፃናትን ለሚያስተምሩ መምህራን ሁሉ ቅርብ ነው ብለን እናምናለን።

ልደትና ትምህርት

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጤና ትምህርት ዘርፍ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ልዩ ሙያቸው በሰውና በእንስሳት አካል ተጠግተው የሚኖሩ ተሕዋስያን ጥናት ነበር። ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ በጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ። ገና ከሠላሳ ዓመት ያልዘለሉት ወጣት ምሁር ትኩረታቸውን የሳበው ቢልሃርዝያ የተባለው በሽታ ነበር።

በሽታው የሚያድግበት መንገድ

የፕሮፌሰር አክሊሉን ሥራ ለመረዳት አስቀድሞ የበሽታውን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን በብዛት የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዝያ የሚጀምረው በሽተኛው ሰው በወንዝ ዳር ወይም በሜዳ ሲጸዳዳ ነው። ከዐይነ ምድሩ ጋር የወጣው የትሉ እንቁላል ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ከእንቁላሉ የወጣው ረቂቅ እጭ ወደ አንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ይገባል፤ በዚያም ለጥቂት ሳምንታት ይባዛል። አንድ ሆኖ የገባው በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ይወጣል። የወጡት እጮች በውኃው ውስጥ እየዋኙ የሰው ቆዳ ይፈልጋሉ። ሰው ውኃ ሲቀዳ፣ ልብስ ሲያጥብ፣ ሲሻገር ወይም ሲዋኝ ቆዳውን በስተው ይገባሉ። ከዚያም ወደ አንጀት አካባቢ የደም ሥሮች ደርሰው ወደ ሙሉ ትልነት ያድጋሉ፤ እዚያም ለዓመታት እንቁላል እየጣሉ ይኖራሉ።

ይህ ሁሉ እድገት የራሱ ወሰን አለው። ቀንድ አውጣዋ ለብ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ቅጠልና አልጌ የበዛበትን ውኃ ትወዳለች። ኃይለኛ ጎርፍ ጠርጎ ይወስዳታል። የደጋው ብርድ ደግሞ በውስጧ ያለውን እጭ እድገት ያዘገየዋል። በዚህም ምክንያት በኢትዮጵያ በሽታው የሚበዛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በታች በሆኑ ስፍራዎች ነው። በአንጻሩ የመስኖ ቦይ ሲቆፈርና ቦዩ ሳይጠረግ ሣር ሲያበቅል፣ እህሉን የሚያሳድገው ያው ውኃ ቀንድ አውጣዋንም ያሳድጋታል።

ከእኛ በስተ ሰሜን በራያ ቆላ በአላማጣ፣ በዋጃና በጢሙጋ፣ በስተ ደቡብም በከሚሴ አካባቢ በሽታው እንዳለ በጥናት ታውቋል። የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በእነዚህ ስፍራዎች መካከል ትገኛለች፤ ወንዝና መስኖም የአካባቢው ኑሮ መሠረት ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልንሰማው አይገባም።

በሽታው የሚይዘው በተለይ ሕፃናትን ነው፤ ከውኃ የማይለዩት እነርሱ ናቸውና። ደማቸው ያንሳል፣ ሰውነታቸው ይደክማል፣ እድገታቸው ይገታል፣ በትምህርትም ወደ ኋላ ይቀራሉ። በሽታው ለረጅም ጊዜ ከቆየ ጉበትን ይጎዳል፤ ሆድ ይነፋል፤ ለሞትም ያደርሳል።

በዐድዋ ወንዝ ዳር

እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ የቢልሃርዝያን ስርጭት ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። በወንዞቹ ዳር ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ አንድ ያልጠበቁት ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው ተገኙ፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን ብዙዎቹ በሕይወት ነበሩ። ወንዙ አንድ ነው፤ ድንጋዩና ሣሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አረፋው ብቻ ነበር።

አክሊሉ ነገሩን በዋዛ አላለፉትም። ከአጣቢዎቹ አንዲቱን፣ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ላይ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምር ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ሙከራ ተመልሰው የእንዶድን ፍሬ በልዩ ልዩ መጠን በውኃ እየበጠበጡ ፈተኑት፤ ውጤቱም ያው ሆነ።

በዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። እናቶቻችን እንዶድ ከጥንት ጀምሮ ልብስ እንደሚያጠራ ያውቁ ነበር፤ ያንን ዕውቀት በእጃቸው ይዘው ወንዝ የወረዱት እነርሱ ናቸው። ሊቁ ያደረጉት የእነርሱን ሥራ በአክብሮት ተመልክተው ከማጠቢያው በላይና በታች ያለውን ማነጻጸር ነው። ማነጻጸር ደግሞ የምርምር ሁሉ መጀመሪያ ነው።

ከአጥር ጥግ ወደ ቤተ ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ1966 አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ተሰይሞ የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። በዚያ የተጀመረው ምርምር ከቢልሃርዝያ ሌላ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን የሌሽማንያ በሽታንም ያካተተ ነበር።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከተባባሪዎቻቸው ጋር ባካሄዱት ሥራ፣ ቀንድ አውጣን የሚገድለው የእንዶድ ንጥረ ነገር ተለይቶ ታወቀ። ንጥረ ነገሩ እንደ ሳሙና አረፋ ከሚያወጡት የሳፖኒን ወገን ሲሆን፣ በአክሊሉ አባት ስም መነሻነት ለማቶክሲን ተባለ። ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ በአጭር ጊዜ ፈርሶ የሚጠፋ በመሆኑ፣ እንደ አንዳንድ መርዞች በአፈርና በውኃ ተከማችቶ አይቀርም። ይሁን እንጂ ለዓሣ ጎጂ መሆኑም ታውቋል።

እንዶድ ራሱ ሕያው ተክል ነውና እርሱንም የሚያሳድገውንና የሚገታውን ማጥናት ግድ ሆነ። ይህን ኃላፊነት የተሸከሙት የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። እንዶድ ወንዴና ሴቴ ግንዱ የተለያየ ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። ፍሬውም ከበሰለው ይልቅ ገና አረንጓዴ ሳለ የተለቀመው ኃይሉ ይበልጣል። ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የተሰበሰቡት ዝርያዎች እየተተከሉ በፍሬ ብዛት፣ በኃይልና ተባይን በመቋቋም ተመዘኑ። በመጨረሻም 44 ቁጥር የተሰጠው ዝርያ ብልጫ ካሳዩት አንዱ ሆነ።

ትልቁ ፈተና የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ከተማ ነው። ከአካባቢው የተሰበሰበው እንዶድ በወንዞቹ ላይ በየጊዜው እየተጨመረ ሕዝቡ ተመረመረ። በአምስቱ ዓመታት ውስጥ በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ። በትንንሾቹ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። የሕፃናቱ ቁጥር ይበልጥ የወረደበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በትልልቆቹ አካል ውስጥ ትሉ አስቀድሞ ገብቶ ለዓመታት ይኖራል፤ ሕፃናቱ ግን ውኃው ከጸዳ በኋላ ያደጉ ናቸው። አንድ ትውልድ ከበሽታ ነጻ ሆኖ ማደግ እንደሚችል በአገር ፍሬ ታየ።

ሥራው ለምን ተገታ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንዶድ በአፍሪካ ወንዞች ሁሉ ይሠራበታል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። አልሆነም። ዓለም አቀፍ የጤና ድርጅቶች ገንዘብ ከመስጠታቸው በፊት፣ እንዶድ ለሰውና ለእንስሳት የማያሰጋ መሆኑ በታወቀው የዓለም መስፈርት እንዲረጋገጥ ጠየቁ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው፤ በሕዝብ ውኃ ላይ የሚጨመር ነገር ሳይመረመር ሊፈቀድ አይገባም። ችግሩ ግን ምርመራው በኢትዮጵያ እንዳይሠራ ብቁ ቤተ ሙከራ አልነበረም፤ በውጭ አገር እንዲሠራ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነበር። ገንዘብ ያላቸው ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ማስረጃው ያለ ገንዘብ አይገኝም። በዚህ ዙሪያ ጥምጥም ብዙ ዓመታት አለፉ።

በሌላ በኩል ነጋዴ ኩባንያዎች ማንም በጓሮው ሊያበቅለው የሚችለውን ፍሬ ለማስፋፋት የሚገፋፋቸው ትርፍ አልነበረም። እንዶድም የራሱ ድካም አለበት፤ ብዙ ፍሬ ይፈልጋል፤ ለቀማው ጉልበት ይጠይቃል፤ ቀንድ አውጣዋ ተመልሳ ስለምትራባም ሥራው በየዓመቱ መደጋገም አለበት። በመካከሉ ውጤታማ የሆነው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ስለ ተገኘ፣ የዓለም ትኩረት ከወንዙ ወደ በሽተኛው ዞረ።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1976 ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ማገልገል ጀመሩ፤ በኋላም በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት እድገት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። በእነዚህ ዓመታትም የእንዶድን ነገር አልተዉም። ለዶክተር ለገሠና ለእርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ብዙዎች አማራጩ ኖቤል የሚሉት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት ከአንድ የፊንላንድ ምሁር ጋር ስለ አፍሪካ ከረኀብ መውጣት የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። በአፍሪካ ሳይንስ እንዳያድግ የሚያግደው የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን፣ ከአፍሪካ የሚመነጭ ዕውቀት የሚገባውን እምነት አለማግኘቱም ጭምር እንደ ሆነ አክሊሉ በየመድረኩ ያስረዱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሲሰጣቸው አንድ አስደናቂ ነገር ሆነ። በዚያ አገር ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የተባለ ትንሽ የውኃ ፍጥረት ያለ ልክ ተራብቶ የውኃ ቧንቧዎችን ይዘጋ ነበር። እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል በዚያው በቤተ ሙከራ ተረጋገጠ። ለድኾች ወንዝ የታሰበው ፍሬ በሀብታሞች ሐይቅ በኩል አዲስ ትኩረት አገኘ።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እንዶዳቸው በኢትዮጵያ ወንዞች ሁሉ ሲፈስ አላዩም።

ከሕይወታቸው የምንማረው

የአክሊሉን ታሪክ ስናጠና፣ ምርምርም እንደ ሕያው ነገር እንደሆነ እንረዳለን። ዘሩ መልካም ነበር፤ በዐድዋም በቀለ። ያነሰው መሬቱ ነው፤ የራስ ቤተ ሙከራ፣ የማይቋረጥ ድጋፍ፣ ለራስ ሰው ዕውቀት የሚሰጥ እምነት። ከልጆቻችን መካከል ወንዝ ዳር ቆሞ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ጥያቄውን ከማስቆም ይልቅ ማሳደግ የወላጅና የመምህር ድርሻ ነው።

በተግባር በኩልም የምንሠራው አለ። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ነገ ከውኃ የሚገባውን ግን አይከለክልም። ስለዚህ መድኃኒቱ በትምህርት ቤት ሲታደል ልጆቻችን እንዳይቀሩ እናድርግ። በየቤቱ መጸዳጃ ይቆፈር፤ እንቁላሉ ወደ ውኃ ካልደረሰ ትሉ የሚያድግበት መንገድ ከመነሻው ይቆረጣል። የመስኖ ቦዮች ከሣር ይጠረጉ። ልጆች በቆመ ውኃ እንዳይዋኙ እንምከር። እንዶድንም መድኃኒት ነው ብሎ መጠጣት እጅግ አደገኛ መሆኑን እንዳንዘነጋ፤ አክሊሉ የመረመሩት ለወንዝ እንጂ ለሆድ አይደለም።

ቆላውን የሚያለመልመው ውኃ ከእህሉ ጋር በሽታውን እንዳያሳድግ መጠንቀቅ የሁላችን ፈንታ ነው። በመርሳና በግራና መስኖ ዳር የሚያድጉ ሕፃናት ቁመታቸው ሳይገታ፣ ደማቸው ሳይመጠጥ ለትምህርት ቢበቁ፣ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ድካም ከንቱ አልቀረም ማለት ነው።