ጄምስ ፓርኪንሰን
ከመንገድ ላይ የተማረ ሐኪም

የነርቭ ምርምር ያለ ታላቅ መሣሪያ አይጀመርም የሚል አሳብ በመካከላችን ይሰማል። ስለዚህ በደሴ ሕክምና፥ በኮምቦልቻ ምሕንድስና ለምንማር ሁሉ የአንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን። ዘመኖቹ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ጄምስ ፓርኪንሰን በ1755 በለንደን ጫፍ ሆክስተን በሚባል ሰፈር ተወለደ። የሕክምናን ሙያ ከአባቱ ተምሮ ያንኑ ሰፈር ሲያክም ኖረ። ነገር ግን በሕክምና ብቻ አልተወሰነም። ድኻው ሕዝብ እንደራሴውን እንዲመርጥ በብዕር ስም ይጽፍ ስለ ነበር፥ በ1794 ንጉሡን ለመግደል ተዶለተ በተባለ ጊዜ በመንግሥት አማካሪዎች ፊት ቀርቦ ተጠየቀ። ስለ ጥንት እንስሳትና ዕፀዋት ቅሪትም ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ።

ስሙን ያስጠራው ግን በ1817፥ በ62 ዓመቱ፥ ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ነው። በውስጡ የተገለጹት ሕሙማን 6 ብቻ ናቸው፤ ከነዚህም ሁለቱን በመንገድ አገኛቸው፥ አንዱን ከሩቅ ብቻ አየው። እጃቸው ዐርፎ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ ሲሄዱ ይጐብጣሉ፤ እርምጃቸውም ሳይወዱ ወደ ሩጫ ይለወጣል። ይህ ሁሉ የአንድ በሽታ ምልክት መሆኑን አስተዋለ። መነሻው በአንገት በኩል ያለው ኅብለ ሠረሠር ይመስለው ነበር፤ በዚህስ ተሳስቷል።

በ1824 ሞተ። በሽታውን በስሙ የጠራው ከብዙ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ሻርኮ ነው። በ1919 በአንጎል ግንድ ያለው ጥቍር ክፍል እንደሚጐዳ፥ በ1960 ደግሞ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንደሚያንስ ታወቀ፤ መድኃኒቱም ከዚህ ተገኘ። ዛሬ እግራቸው በድንገት ከመሬት የሚጣበቅባቸው ሕሙማን በወለል ላይ የተሠመረ መሥመር እየተሻገሩ መራመድን ይለማመዳሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1990ዎቹ መጨረሻ በደላንታና በዳውንት ጓያ የብዙ ሰው እግር አድርቋል። የጓያ ሕመምተኛ እንደ ፓርኪንሰን ሕመምተኛ አይደለም፤ እግሮቹ ግትር ሆነው እየተጠላለፉ በጣቶቹ ይረግጣል፥ ብዙውን ጊዜም ጐልማሳ ነው። ሁለቱን ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ ዓይን ነው።

እንግዲህ በሰኞ ገበያ ምርኵዝ ይዞ የሚያልፈውን ሰው አርጅቷል ወይም ተረግሟል ብለን አንለፈው። የሕክምናው ተማሪ አረማመዱን አይቶ ይጻፍ፤ የኮምቦልቻው መሐንዲስም ለዚያ አረማመድ የሚስማማ ድጋፍ ይሥራ። ፓርኪንሰን በስድስት ሰዎች ጀምሯል፤ እኛም በአንድ ሰው ብንጀምር አያንስም።