በሐበሻ ምድር ያበቃ ትዳር፦ የእናታችን ኡሙ ሐቢባ ታሪክ

 

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ቡና ሲቀላ የእኛ አካባቢ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሚዛን፣ በበቃ፣ ቴፒ፣ ሁሉም ከሩቅ በመጣ ሰው ይሞላል። አንዳንዱ ለቅሞ ይመለሳል፤ አንዳንዱ እዚሁ ኒካህ አስሮ ይቀራል። ከእነዚህ ትዳሮች የሚፈርሱም አሉ። ያኔ አባቷም ወንድሞቿም ሩቅ አገር የሆኑባት እህት ልጇን ታቅፋ ብቻዋን ትቀራለች፤ ሰዉም ፈት ይላታል፣ ቀና ብላ እንዳትሄድ ያደርጋታል። ዛሬ የምነግራችሁ በዚችው በሐበሻ ምድር ይህ ስለደረሰባት ሴት ነው።

ስሟ ረምላ ቢንት አቢ ሱፍያን (ረዲየላሁ ዐንሃ) ነው። አባቷ የመካ ቁረይሾች አለቃ ነበር፤ በዚያን ጊዜም እስልምናን አጥብቆ ይዋጋ ነበር። እሷ ግን ከባሏ ከዑበይዱላህ ኢብን ጀሕሽ ጋር ሰለመች። የመካ ሰዎች ስቃይ ሲበረታ ባልና ሚስቱ የአባቷን ቤት ክብርና ምቾት ጥለው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ፤ ወደ ነጃሺ አገርም ተሰደዱ። ሐቢባ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ኡሙ ሐቢባ የሚለውን መጠሪያ ያገኘችው ከዚህች ልጅ ነው።

ከዚያ ትዳሩ አበቃ። ኢብን ኢስሓቅና ሌሎች የሲራ ጸሐፊዎች ዑበይዱላህ በሐበሻ ሳለ ሃይማኖቱን ቀይሮ ክርስቲያን ሆነ፣ እዚሁም ሞተ ይላሉ። ሐበሻ ውስጥ መሞቱን ብቻ የሚጠቅሱ ዘገባዎችም አሉ። የሆነው ሆኖ ረምላ ያለ ባል ቀረች። እስቲ ሁኔታዋን አስቡት፦ አገሩ የሰው አገር ነው፤ ወደ አባቷ እንዳትመለስ አባቷ የሃይማኖቷ ጠላት ነው፤ የሕፃን ልጅ እናት ናት። ያኔ ሊያሸንፋት የሚችለው ነገር ብዙ ነበር። እሷ ግን በእምነቷ ጸናች፣ ዒዳዋንም ጠብቃ ጨረሰች።

ዒዳዋ ባለቀ ጊዜ በሯ ተንኳኳ። የነጃሺ አገልጋይ የሆነች አብረሃ የምትባል ሴት ነበረች። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲና ለነጃሺ ልከው ረምላን ለኒካህ እንደጠየቋት፣ ወኪል እንድትሾምም ነገረቻት። ረምላ ከደስታዋ ብዛት የብር አምባሯንና ቀለበቶቿን አውልቃ ለአብረሃ ሰጠቻት። ከዘመዶቿ መካከል እዚያው በስደት የነበረውን ኻሊድ ኢብን ሰዒድን ወኪል አደረገች። ነጃሺ ሙሃጂሮቹን ሰብስቦ ኒካሑን አሰረ፤ መህሩንም ከራሱ ገንዘብ ከፈለ፤ በኢብን ኢስሓቅ ዘገባ 400 ዲናር ነበር። ገንዘቡ እጇ ሲገባ ለአብረሃ ልትጨምርላት ፈለገች። አብረሃ ግን አልቀበልም አለች፤ የመጀመሪያውንም ስጦታ መለሰችላት። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መስለሟን ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድትነግርላትና ሰላምታዋን እንድታደርስላት። ኡሙ ሐቢባም አደራዋን አድርሳለች።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ገባች። ልጇ ሐቢባም በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት አደገች። ይህን ልብ በሉልኝ፦ የምእመናን እናት ከሆነች በኋላም ሰው ሁሉ የሚጠራት ከቀድሞው ትዳሯ በወለደቻት ልጅ ስም ነበር። ያለፈ ትዳሯ አልተደበቀም፣ አላሳፈራትምም።

ታዲያ ከዚህ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ የትዳር ማብቃት የክብር ማብቃት አይደለም። ሸሪዓችን በሩን ሲከፍት ሥርዓትም ሠርቶለታል፦ ባል በጦላቅ፣ ሚስት መህሯን መልሳ በኹልዕ፣ ቃዲ ደግሞ በቂ ምክንያት ሲያገኝ በፈስኽ ትዳር ይፈታል። የሳቢት ኢብን ቀይስ ሚስት የተሰጣትን የአትክልት ቦታ መልሳ ስትለይ ማንም አላዋረዳትም።

ሁለተኛ፣ ዒዳ ቀልድ አይደለም። የወር አበባ የምታይ የተፈታች ሴት ሦስት ቁርእ፣ ባሏ የሞተባት 4 ወር ከ10 ቀን፣ እርጉዟ ደግሞ እስክትወልድ ትጠብቃለች። ወንድሜ ሆይ፣ ተቆጥተህ ቃሉን ተናግረህ በዚያው ሌሊት ሻንጣዋን ደጅ ማውጣት ከየት የመጣ ነው? ሱረቱ ጦላቅ የተፈታችው ሴት በዒዳዋ ጊዜ ከቤቷ እንዳትባረር ታዛለች። ይህ ጊዜ ንዴት በርዶ ዕርቅ ሊወርድበት የሚችል ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ መህር የእሷ ነው። አንተ ፈልገህ ከፈታሃት የሰጠሃትን መልሰህ ልትነጥቃት አይገባም። የቡናው ገንዘብ እጅህ ሲገባ የልጅህን ቀለብ አትርሳ። በፍቺ የሚለያዩት ባልና ሚስት ናቸው፤ አባትና ልጅ አይፋቱም።

እህቴ ሆይ፣ ዘመድ በሌለበት አገር ብቻዬን ቀረሁ ብለሽ መብትሽን አትተዪ። ኡሙ ሐቢባም ዘመዶቿ ከባሕር ማዶ ነበሩ፤ ሙሃጂሮቹ ግን ቤተሰብ ሆኗት። ወደ መስጂድሽ ኢማምና ወደ አካባቢሽ ሽማግሌዎች ሂጂ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ሁለቱም ወገን ከተስማሙ የትዳር ጉዳይ በሸሪዓ ሊዳኝ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ካልተስማሙ መደበኛው ፍርድ ቤት አለ። ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ደግሞ ሁላችንም አንድ ነገር እናድርግ፦ በሰፈራችን ትዳሯ የፈረሰባት እህት ካለች ደጇን እናንኳኳ፤ እንደ አብረሃም መልካም ወሬ ይዘን እንሂድ።

ኡሙ ሐቢባ በ44ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ውስጥ አረፈች። ሞቷ ሲቃረብ ዓኢሻንና ኡሙ ሰለማን አስጠርታ በጣውንቶች መካከል ለሚፈጠረው ሁሉ ዐፍው እንደጠየቀች ይዘገባል። በንጹሕ ሒሳብ ሄደች። ትዳራችን ቢዘልቅም ቢያበቃም አላህ የሰው ሐቅ ሳይኖርብን የምንገናኘው ያድርገን። አሚን።

በዛሬው ቀን በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት አንርሳ።