ስመ ጥሩው ያይሮፕላን ነጂ ቻርልስ ኪንግስፎርድ ስሚዝ

ቻርልስ ኪንግስፎርድ ስሚዝ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1897 ዓ. ም. ብሪዝቤን በምትባል ያውስትራልያ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጋሊፖሊ ግንባር ከተሰለፈ በኋላ ወደ እንግሊዝ የአየር ጦር ተዛውሮ አይሮፕላን መንዳት ተማረ። በ1917 ዓ. ም. በአየር ላይ ሲዋጋ እግሩን ቆሰለ፤ ስለ ጀግንነቱም ኒሻን ተሸለመ።

ስሙ በዓለም የተሰማው በ1928 ዓ. ም. ነው። ሳውዘርን ክሮስ በተባለች ባለ ሦስት ሞተር ፎከር አይሮፕላን ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሜይ 31 ቀን ካሜሪካ ተነሥቶ፥ በሃዋይና በፊጂ ደሴቶች ዐርፎ፥ ጁን 9 ቀን ብሪዝቤን ገባ። ታላቁን የፓሲፊክ ውቅያኖስ ካሜሪካ እስከ አውስትራልያ በአየር ያቋረጡ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነርሱ ናቸው። በ1932 ዓ. ም. የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው።

ነገር ግን የዚህ ሰው ዋና ፈተና የመጣው ሜይ 15 ቀን 1935 ዓ. ም. ነበር። በንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የ25 ዓመት የንግሥ በዓል ምክንያት፥ በዚያችው አይሮፕላን ፖስታና ጭነት ይዞ ከቴይለርና ከሬድዮ ሠራተኛው ከስታናጅ ጋር ወደ ኒው ዚላንድ ጕዞ ጀመረ። በባሕሩ ላይ ብዙ ከተጓዙ በኋላ የመካከለኛው ሞተር የጢስ መውጫ ቧንቧ ተሰብሮ የቀኙን ፕሮፔለር መታው። የተሰበረ ፕሮፔለር ሚዛኑ ስለሚዛባ፥ ሞተሩን እያንቀጠቀጠ ከቦታው ሊነቅለው ይችላል። ስለዚህ ኪንግስፎርድ ስሚዝ የቀኙን ሞተር ወዲያው አጠፋና ወደ ሲድኒ ተመለሰ።

አይሮፕላኗ በሁለት ሞተር ያንን ሁሉ ሸክም ይዛ በአየር ላይ መቈየት ስላልቻለች ጭነቱ ወደ ባሕር ተጣለ። ቀጥሎም የግራው ሞተር ዘይት እያለቀበት ሄደ። ቴይለር በነፋሱ መካከል ወደ ውጭ ወጥቶ፥ ከቆመው ሞተር ዘይት በፔርሙስ መያዣ እየቀዳ ስድስት ጊዜ ወደ ግራው አሻገረ። ቴይለር በግራው ሞተር አጠገብ ሲሠራ፥ ኪንግስፎርድ ስሚዝ የፕሮፔለሩ ነፋስ እንዳይጥለው የዚያን ሞተር ኃይል ይቀንስ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አይሮፕላኗ ወደ ውሃው ትወርድ ነበር። በመጨረሻም ፖስታው ተጣለ። ፖስታው የብዙ ሰው አደራ ነበረ፤ የሦስት ሰዎች ነፍስ ግን ከዚያ የሚበልጥ አደራ ነው። ከ15 ሰዓት ያህል በረራ በኋላ ሦስቱም በደኅና ሲድኒ ዐረፉ።

መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽ ነጂው ዳር ይዞ ቆሞ ምክር ሊጠይቅ ይችላል። በአየር ላይ ግን መቆሚያ ስለሌለ፥ በዚያች ሰዓት የሚወስን አንድ ሰው ያስፈልጋል። በ1944 ዓ. ም. በቺካጎ የተፈረመውን ስምምነት ተከትሎ የወጣው የአየር ሕግም፥ የበረራው አዛዥ በአይሮፕላኑ ላይ የመጨረሻው ሥልጣን እንዲኖረው፥ ለደኅንነት የግድ ሲሆንም ከተራው ደንብ እንዲወጣ ይፈቅድለታል።

ኪንግስፎርድ ስሚዝ በዚያው በ1935 ዓ. ም. በኖቬምበር ወር ከእንግሊዝ ወደ አውስትራልያ ሲበር በበርማ ባሕር አጠገብ ከባልደረባው ጋር ጠፋ። ዛሬ የሲድኒ አይሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል።

እኛም ተማሪዎች ነገ በየሥራው አዛዦች ስንሆን፥ ሥልጣን ማለት ማዘዝ ብቻ እንዳይመስለን። የጀመሩትን ትቶ መመለስ፥ የከበረውንም ጥሎ ሰውን ማዳን የሥልጣን ዋና ሥራ መሆኑን ከዚህ ሰው ታሪክ እንማር።