ጆን ዲዊ፦ ትምህርት ቤትን ከጦር ሰፈር ለመለየት የታገሉ መምህር

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የጆን ዲዊ ስም ሲነሣ ወዲያው የሚታሰበው ልጅ በሥራና በልምድ ይማራል የሚለው አስተምህሯቸው ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ግን ከዚህ ባላነሰ በሌላ ጉዳይም ለረጅም ዘመን ተሟግተዋል፤ ይኸውም የጦር ኃይል በትምህርት ቤት ውስጥ ሊኖረው ስለሚገባው ድርሻ ነው። በዚህ ረገድ የተጓዙበት መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ለመምህራን ትምህርት የሚሆነውም ስለዚሁ ነው።

ዲዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 20 ቀን 1859 በቬርሞንት ግዛት በበርሊንግተን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ባለሱቅ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በሰሜኑ ጦር የስንቅና ትጥቅ ክፍል አገልግለዋል። ዲዊ የቬርሞንት ዩኒቨርሲቲን ትምህርት በ1879 ፈጽመው፣ በፔንሲልቬንያ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1884 የዶክትሬት ማዕርግ ካገኙ በኋላ በሚሺጋን፣ በቺካጎና በመጨረሻም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች አገለገሉ። ቺካጎ ሳሉ በ1896 ያቋቋሙት የሙከራ ትምህርት ቤት ዝናቸውን በዓለም አሰራጨው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ሲፋፋም አሜሪካም ትጥቋን ታጠናክር የሚለው ድምፅ በረታ። በ1916 የኒውዮርክ ግዛት ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 19 ዓመት የሆኑ ወንዶች ልጆች ወታደራዊ ሥልጠና እንዲወስዱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት የብሔራዊ መከላከያ ሕግ የተጠባባቂ መኮንኖች ማሠልጠኛ ድርጅትን ሲመሠርት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ንዑስ ክፍል አበጀ። ከውጭ አገር የመጡ ስደተኞችን ልጆች እውነተኛ አሜሪካዊ የሚያደርጋቸው የጦር ሰፈር ሥርዓት ነው የሚሉ ጄኔራሎች ነበሩ። ዲዊ ይህን አስተሳሰብ በጽሑፍ ተቃወሙ፤ የዜግነት ስሜት የሚገነባው በትእዛዝ ሳይሆን አብሮ በመማርና በመሥራት ነው ሲሉ ተከራከሩ።

ዳሩ ግን በ1917 አሜሪካ ጦርነቱን ስትቀላቀል ዲዊ ደገፉ። ጦርነቱ በብልሃት ከተመራ ለዴሞክራሲ መስፋፋት ይጠቅማል ብለው አምነው ነበር። የቀድሞ ተማሪያቸው ራንዶልፍ ቦርን፣ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ የምሁራንን ምክር የሚሰማ ኃይል አይደለም በማለት መምህሩን በአደባባይ ነቀፈ። ቦርን በ1918 መጨረሻ በ32 ዓመቱ ሲሞት፣ ክርክሩ ገና እልባት አላገኘም ነበር።

የጦርነቱ መንፈስ ብዙ ሳይቆይ የዲዊን የራሳቸውን ሙያ ነካ። በ1917 መጨረሻ ከአንድ የኒውዮርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስት መምህራን የአገር ፍቅር ጎድሏቸዋል ተብለው ተባረሩ። በአንደኛው ላይ ከቀረቡት ክሶች ውስጥ አንድ ተማሪ ለፕሬዚዳንት ዊልሰን በተጻፈ ደብዳቤ መልክ ያቀረበው ድርሰት ይገኝበታል። ዲዊ ጦርነቱን እየደገፉም ለመምህራኑ ቆመው ተከራከሩ።

ከጦርነቱ በኋላ የዲዊ አቋም ተለወጠ። ጦርነት በዓለም አቀፍ ሕግ ወንጀል ሆኖ እንዲታገድ ከሚሠሩት ወገን ተሰለፉ። በ1925 በትምህርት ውስጥ ወታደራዊነትን የሚቃወም ኮሚቴ በኒውዮርክ ሲቋቋም፣ ዲዊና ዝነኛዋ የማኅበራዊ ሠራተኛ ጄን አዳምስ ከደጋፊዎቹ መካከል ነበሩ። ኮሚቴው ጦር ኃይሉ በየትኞቹ ትምህርት ቤቶች እንደሚያሠለጥን እየመረመረ በጽሑፍ ያሰራጭ፣ ግዴታውን ለሚቃወሙ ተማሪዎች፣ ወላጆችና አብያተ ክርስቲያናትም ድጋፍ ይሰጥ ነበር። ወጣቶች በደንብ ልብስ፣ በሰልፍና በማዕርግ እንዴት እንደሚማረኩ ለሕዝብ አጋለጠ። በ1927 ሮዝዌል ባርንስ ስለዚሁ ጉዳይ ላዘጋጁት ጽሑፍ መግቢያውን የጻፉት ዲዊ ናቸው። የሥልጠናው ዋነኛ ውጤት የወታደር ብቃት ሳይሆን ጦርነትን እንደ ተፈጥሯዊ ነገር የሚቀበል አእምሮ ነው የሚል ሥጋት ነበራቸው።

ትግሉ ግን በድል ብቻ የታጀበ አልነበረም። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴው ሳይመሠረት በ1923 ሥልጠናውን በፈቃድ ቢያደርግም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1934 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ማስገደድ ይችላል ሲል ወሰነ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲቃረብም ኮሚቴው በ1940 ፈረሰ። ዲዊ በ1939 አገራቸው ከጦርነቱ እንድትርቅ ጽፈው ነበር፤ ጁን 1 ቀን 1952 በ92 ዓመታቸው በኒውዮርክ አረፉ።

ጥያቄው ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። በ2002 የጸደቀ የፌዴራል ሕግ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ስም፣ አድራሻና ስልክ ለጦር መልማዮች እንዲሰጡ አዘዘ፤ ይህን የማይሹ ወላጆች የመከልከል መብት ስላላቸው፣ በየከተማው መብቱን የሚያሳውቁ የወላጆችና የመምህራን ቡድኖች ተነሡ። የሳን ፍራንሲስኮ የትምህርት ቦርድ በ2006 የተማሪዎችን ወታደራዊ ሥልጠና ለማስቀረት ወስኖ፣ በ2009 ውሳኔውን ሻረ።

ዲዊ የተዉት ውርስ እንከን የለሽ ሰው ምሳሌነት አይደለም። በስሕተታቸው ጊዜ እንኳ ሌላው መምህር የመናገር መብቱ እንዳይነፈግ ቆሙ፤ ስሕተታቸውን ሲረዱም አቋማቸውን ለመለወጥ አላፈሩም። የትምህርት ቤትን በር ማን ከፍቶ ማን ይግባ የሚለውን ጥያቄ ወላጅና መምህር ሊመልሱት የሚገባ መሆኑን ግን ለሙያ ወራሾቻቸው አስረክበው አልፈዋል።