የሊነስ ፖሊንግ ማዕድ፦ የኩላሊት ሕመምና የተመዘነ ምግብ

በማርች 1941 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ከተማ ለአንድ ኬሚስት ክብር የራት ግብዣ ተዘጋጅቶ ነበር። የክብር እንግዳው ሊነስ ፖሊንግ ሜዳሊያቸውን ሊቀበሉ ሲነሡ ፊታቸውና የዐይናቸው ቆብ አብጦ ይታይ ነበር። ከግብዣው በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በሮክፌለር ተቋም ሐኪሞች ተመረመሩ፤ ውጤቱም በዘመኑ የብራይት በሽታ ይባል የነበረው የኩላሊት ብግነት ሆኖ ተገኘ። ፖሊንግ ያን ጊዜ 40 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ሕመሙ ብዙዎችን ለሞት የሚያበቃ፣ ፈዋሽ መድኃኒትም ያልተገኘለት ነበር።

የፖሊንግ ሕይወት ብዙ ጊዜ የሚተረከው ለብቻቸው ከተቀበሏቸው ሁለት የኖቤል ሽልማቶች አንጻር ነው። እዚህ ግን ከማዕዳቸው አንጻር ይተረካል። የኩላሊት ሕመምተኛ ምን ይብላ፣ ምንስ ይተው የሚለው ጥያቄ ዛሬ በኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ላይ ባሉ ሕሙማን ቤት ሁሉ የሚነሣ በመሆኑ፣ እኚህ ሰው በጥያቄው ላይ ትክክል የሆኑበትም የሳቱበትም ዘመን ቢመረመር ይጠቅማል።

ፖሊንግ የተወለዱት ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1901 ዓ.ም. በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ነው። መድኃኒት ቀማሚ የነበሩት አባታቸው በ1910 ዓ.ም. በመሞታቸው ልጅነታቸው በችግር አለፈ። በኦሪገን የእርሻ ኮሌጅ ገና ተማሪ ሳሉ፣ በ1922 ዓ.ም. ለቤት አያያዝ ሙያ ተማሪዎች ኬሚስትሪ እንዲያስተምሩ ተመደቡ፤ ከተማሪዎቹም መካከል አቫ ሄለን ሚለር ይገኙ ነበር። በተከታዩ ዓመት ተጋቡ። ፖሊንግ በ1925 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ በ1939 ዓ.ም. ስለ ኬሚካላዊ ትስስር ያሳተሙት መጽሐፍም ስማቸውን በዓለም አስጠራ። ሕመሙ የደረሰባቸው እንግዲህ በዚህ የሥራ ጫፍ ላይ ሳሉ ነው።

ከኒውዮርክ ሲመለሱ የታከሙት በሳን ፍራንሲስኮ በነበረው የስታንፎርድ የሕክምና ትምህርት ቤት በሚያስተምሩት በዶክተር ቶማስ አዲስ ዘንድ ነበር። (ስማቸው ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ ባይሆንም፣ አዲስ በ1881 ዓ.ም. በኤዲንብራ የተወለዱ ስኮትላንዳዊ ናቸው።) የአዲስ አስተሳሰብ በአንድ መሠረት ላይ የቆመ ነበር። ሰውነት ፕሮቲንን ሲጠቀም ዩሪያ የተባለ ዝቃጭ ይተርፋል፤ ዩሪያን አጣርቶ ማስወጣት ደግሞ ለኩላሊት ሥራ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው እንዲያርፍ እንደሚደረግ ሁሉ፣ የተጎዳ ኩላሊትም ሸክሙ ሊቀልለት ይገባል። ማሳረፊያው መንገድ የሚበላውን ፕሮቲን መቀነስ ነው። በዚህም መሠረት ለፖሊንግ የታዘዘላቸው ምግብ ፕሮቲኑ ያነሰ፣ ጨው የሌለበት ሆነ፤ ውኃ ግን በብዛት እንዲጠጡ ተነገራቸው።

ትእዛዙን መጻፍ ቀላል ነው። በየቀኑ ሦስት ጊዜ በሳህን ላይ ማዋሉ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህ የወደቀው በአቫ ሄለን ትከሻ ላይ ነበር። አራት ልጆች እያሳደጉ፣ ታናሹም ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ባለቤታቸው የሚበሉትን እየመዘኑ በውስጡ ያለውን ፕሮቲን በግራም ያሰሉ ነበር። ከጨው ውጭ ጣዕም የሚሰጥ ነገርም መፈለግ ነበረባቸው። በኮሌጅ የተማሩት የቤት አያያዝና የኬሚስትሪ ትምህርት እንዲህ ያለ ፈተና ይጠብቀዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የሥነ ምግብ ጽሑፎች ሕመምተኛው የታዘዘለትን አከበረ ወይም አላከበረም ብለው ይመዘግባሉ፤ በእኔ አመለካከት ግን ያከበረው ብዙውን ጊዜ ወጥ ቤቱ ነው፤ በሰንጠረዡ ውስጥ ግን ስሙ የለም።

እብጠቱ በወራት ውስጥ ጎደለ፤ ፖሊንግ ወደ ቤተ ሙከራቸው ተመለሱ። ሥርዓቱን ግን ለ14 ዓመታት ያህል አልተዉትም። የማጭድ ቅርጽ ያለው የደም ሕዋስ ሕመም ከሄሞግሎቢን መለወጥ የመጣ መሆኑን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1949 ዓ.ም. ያሳዩት፣ በ1954 ዓ.ም. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተቀበሉት በዚሁ የተመዘነ ምግብ እየኖሩ ነው።

ያዳናቸው ምግቡ ነውን? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ከኩላሊት ናሙና በመርፌ ወስዶ መመርመር የተለመደው ከ1950ዎቹ ወዲህ ስለሆነ የብግነቱ ዓይነት በጊዜው ተለይቶ አልታወቀም። ፕሮቲን በሽንት ከሚያስወጡት የኩላሊት ሕመሞች መካከል ያለ ሕክምና ራሳቸው የሚበርዱ አሉ። ጨው መተዉ እብጠቱን እንደሚቀንስ ግልጽ ነው፤ ከዚያ አልፎ የአንድ ሰው መዳን ለአንድ የምግብ ሥርዓት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

ሊዘነጋ የማይገባው ሌላ ነገር አለ። ኩላሊታቸው ሥራውን ቢያቆም ኖሮ ፖሊንግ የሚሸሹበት ቦታ አልነበራቸውም። ቪለም ኮልፍ በጀርመን ጦር በተያዘችው ሆላንድ፣ ለቋሊማ መሸፈኛ የሚሆነውን ሴሎፋን በከበሮ ላይ ጠምጥመው የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ ያጠቡት በ1943 ዓ.ም. ነው። ሥር የሰደደ የኩላሊት ድካም ያለበትን ሰው በእጥበት ለዓመታት ማኖር የተቻለው ደግሞ በሲያትል ቤልዲንግ ስክሪብነርና ባልደረቦቻቸው በ1960 ዓ.ም. በክንድ ላይ የሚቀመጠውን ቱቦ ከሠሩ በኋላ ነው። በአዲስ ዘመን ምግብ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መከላከያ ነበር።

እጥበት ከመጣ በኋላ የማዕዱ ሕግ ተገለበጠ። መሣሪያው ዩሪያን ሲያወጣ አሚኖ አሲዶችንም አብሮ ይወስዳል፤ በአንድ የደም እጥበት ጊዜ ከ6 እስከ 12 ግራም የሚደርስ ይጠፋል። በሆድ ዕቃ ሽፋን በኩል በሚደረገው እጥበት ደግሞ ፕሮቲኑ ራሱ በየዕለቱ ይፈሳል። ስለሆነም ወደ እጥበት ላልደረሰ፣ የስኳር ሕመም ለሌለበት ሰው በሐኪም ክትትል በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ0.55 እስከ 0.6 ግራም ፕሮቲን ሲመከር፣ በእጥበት ላይ ላለው የሚመከረው ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ነው። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው ከ36 ግራም ወደ 60 ወይም 72 ግራም ይሸጋገራል ማለት ነው። ውኃውም እንዲሁ ተገልብጧል፤ ፖሊንግ በብዛት እንዲጠጡ ታዘዙ፤ ሽንቱ የቆመበት የእጥበት ሕመምተኛ ግን በሁለት እጥበቶች መካከል የጠጣው ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሳይለወጥ የቀረው የጨው ነገር ብቻ ነው።

አደጋው የሚመጣው አሮጌው ትእዛዝ በአዲሱ ዘመን ሲቀጥል ነው። ለዓመታት ሥጋና ዕንቁላል ኩላሊትን ይጎዳሉ ሲባል የሰማ ሰው፣ እጥበት በጀመረ ማግሥት ፍርሃቱን እንዴት ይተዋል? የምግብ ፍላጎቱ በሕመሙ ምክንያት የቀነሰ ከሆነ ደግሞ መፍራቱና አለመራቡ ተደጋግፈው ጡንቻውን ያመነምናሉ። በአገራችን የጾም ወራት ፕሮቲን የሚገኘው በአብዛኛው ከሽሮ፣ ከምስርና ከባቄላ ነው፤ እነዚህም ፖታሲየም አላቸው። ነገር ግን በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከሥጋው ይልቅ በአንጀት የሚመጠጠው በጥቂቱ ነው፤ ቀቅሎ ውኃውን መድፋትም ፖታሲየሙን ይቀንሳል። ስለዚህ ጥራጥሬን በጅምላ መከልከል ትክክል አይመስለኝም፤ መጠኑ በደም ምርመራው ውጤት እየታየ ከሐኪምና ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ይወሰናል። ለሚፈስከው ሰው የዕንቁላል ነጩ ክፍል ፎስፈረሱ እጅግ ጥቂት፣ ፕሮቲኑ ግን ጥሩ የሆነ ምግብ ነው።

ወደ ፖሊንግ እንመለስ። የኒውክሌር ሙከራ እንዲቆም ከ11,000 በላይ የሳይንስ ሰዎች የፈረሙበትን ልመና በ1958 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት አቀረቡ፤ የ1962 ዓ.ም. የሰላም ኖቤል ሽልማትም ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ነው መንገዳቸው የታጠፈው። በ1970 ዓ.ም. ቫይታሚን ሲ በብዛት ቢወሰድ ጉንፋንን ይከላከላል የሚል መጽሐፍ አሳተሙ፤ ቆይተውም ለካንሰር ይበጃል አሉ። ለአንድ ጤናማ ጎልማሳ ወንድ በቀን የሚመከረው 90 ሚሊግራም ሲሆን፣ እርሳቸው ግን በኋለኛው ዘመናቸው እስከ 18 ግራም ይወስዱ ነበር። በማዮ ክሊኒክ በ1979 እና በ1985 ዓ.ም. የታተሙት ጥናቶች በካንሰር ሕሙማን ላይ ጥቅም አላገኙለትም። በአንድ ወቅት በግራም ተመዝኖ በተሰጣቸው ምግብ የኖሩት ሰው መመዘኛውን እንዴት እንደጣሉት ያስገርማል።

ይህ ምክር ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው በእጥበት ላይ ያለውን ሰው ነው። ቫይታሚን ሲ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ በእጥበት ይጠፋል፤ ስለዚህ ከ60 እስከ 100 ሚሊግራም ያህል መተካቱ ተገቢ ነው። ሲበዛ ግን በሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል። ጤናማ ኩላሊት ኦክሳሌትን ያስወግዳል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን አያስወግደውም፤ መሣሪያውም በበቂ ሁኔታ አያወጣውም፤ በመጨረሻም በደም ሥርና በሌሎች የአካል ክፍሎች ላይ ይጋገራል። ፖሊንግ ያን ሁሉ ግራም ሊወስዱ የቻሉት ኩላሊታቸው ስላገገመላቸው ነበር።

አቫ ሄለን በ1981 ዓ.ም. በጨጓራ ካንሰር ዐረፉ። ፖሊንግ ኦገስት 19 ቀን 1994 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በፕሮስቴት ካንሰር ሲሞቱ የ93 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ የኩላሊት ሕመሙ ከተገኘባቸው 53 ዓመት አልፎት ነበር። የሁለቱም ወረቀቶች ቀድሞ በተማሩበት በዛሬው የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል፤ በስብስቡ መጠሪያም ላይ የአቫ ሄለን ስም ይቀድማል።