ኢዮብ ሉዶልፍ፤ ኢትዮጵያን ሳያይ ታሪኳን የጻፈው ሊቅ

የሌላውን አገር ባህል ከሩቅ ሆኖ የሚተነትን ምሁር ምን ያህል ሊታመን ይገባዋል? የአገሩ ተወላጅ በጽሑፉ ሲስቅ ወይም ሲቈጣ፣ ውጭ ያለው አንባቢ ስሕተቱን የሚለይበት መንገድ ስለሌለው የተጻፈለትን እንዳለ ይቀበላል። ስለዚህ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ሆኖም መለኪያ የሌለው ጥርጣሬ ከጭፍን እምነት አይሻልም። መለኪያውን ለማግኘት የኢዮብ ሉዶልፍን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሉዶልፍ በ1624 በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። በተወለደበት ከተማና በሆላንድ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ብዙ ቋንቋዎችን ያወቀ ሰው ሲሆን፣ ግዕዝን በመጀመሪያ ያጠናው ከመጻሕፍት ነበር። በ1649 ለሌላ ጉዳይ ወደ ሮም በተላከ ጊዜ፣ በቫቲካን በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ጋር ተዋወቀ። ከእነርሱም አንዱ ከቤተ አምሐራ፣ ከመካነ ሥላሴ የመጡት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠራቸው። ሉዶልፍም ለጥቂት ወራት አብሯቸው ተቀምጦ ስለ ቋንቋው፣ ስለ መንግሥቱ ሥርዓት፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ እንስሳቱና ስለ ዕፅዋቱ እየጠየቀ መዘገበ። አማርኛንም የተማረው ከእርሳቸው ነው። ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው በመመለስ ላይ ሳሉ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ።

የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1661፣ ስመ ጥር የሆነው የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ ደግሞ በ1698 ታተሙ። እንግዲህ ታሪኩ ሲታተም ሊያርሙት ይችሉ የነበሩት ሰው ከሞቱ 23 ዓመት አልፏል። ከዚህም በላይ አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያን ጋር ወግነው የነበሩና ዐፄ ፋሲለደስ የቀድሞውን ሃይማኖት ከመለሱ በኋላ ከአገር የወጡ ሰው ነበሩ። ሉዶልፍ የተጠቀመባቸው ሌሎች ጽሑፎችም በአብዛኛው የኢየሱሳውያን ነበሩ። እርሱ ራሱ ሉተራዊ በመሆኑ እነዚህን በጥርጣሬ ቢያነብም፣ በአገር ቤት የቀሩት ካህናት ቃል በቀጥታ አልደረሰውም።

ይህን ድክመት ይዘን ከእርሱ በፊት ከነበረ ሌላ ጸሐፊ ጋር እናስተያየው። የእስፓኙ መነኩሴ ሉዊስ ደ ኡሬታም ኢትዮጵያን አላየም፤ እርሱም ኢትዮጵያዊ ነኝ ካለ አንድ ሰው የሰማውን ይዞ በ1610 መጽሐፍ አሳተመ። በአምባ ግሸን ስላለ ተረት የመሰለ ቤተ መጻሕፍትም አተተ። ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ይኖር የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ይህን ለማስተባበል ሌላ ታሪክ መጻፍ ግድ ሆነበት። ሁለቱም ከሩቅ ጻፉ፤ ሁለቱም ነጋሪ ነበራቸው። ልዩነቱ ኡሬታ የሰማውን ሲያስጌጥ፣ ሉዶልፍ ከመጻሕፍት ጋር ማመሳከሩና የራሱን ሥራ ደጋግሞ ማረሙ ነው። በ1661 የታተመው መዝገበ ቃላት ስላላረካው በ1699 አሻሽሎ አውጥቶታል።

ይሁንና ጥንቃቄም ወሰን አለው። በፓሪስ መጽሐፈ ሄኖክ ነው ይባል የነበረውን የብራና መጽሐፍ መርምሮ ሌላ ድርሳን መሆኑን አሳወቀ። ፍርዱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ መጽሐፉን የማግኘት ተስፋ በአውሮፓ ቀዘቀዘ። ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ሦስት ቅጂዎች ይዞ የተመለሰው በ1773 ነው። አውሮፓ ጠፋ ብላ ታስበው የነበረውን መጽሐፍ፣ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ያን ሁሉ ዘመን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ቈጥረው ያነቡት ነበር።

በሙያችን እንደሚታወቀው፣ ቀያሽ ከወንዝ ማዶ ያለውን ነጥብ ሳይሻገር በቴዎዶላይት ሊወስን ይችላል። ከአንድ ጣቢያ ቢያነጣጥር ግን የሚያገኘው አቅጣጫውን ብቻ ነው። ርቀቱን ለማወቅ ሁለተኛ ጣቢያ፣ በሁለቱም መካከል በትክክል የተለካ መስመር ያስፈልገዋል። ለሉዶልፍ መጻሕፍቱ አንደኛው፣ አባ ጎርጎርዮስ ሁለተኛው ጣቢያ ነበሩ። ሁለተኛው ጣቢያ በሌለበት፣ አቅጣጫውን እንጂ ርቀቱን አላገኘም።

ስለሆነም ስለ ባዕድ አገር የሚጽፍን ምሁር ልንጠይቀው የሚገባው አገሩን ረግጦ እንደሆነ ብቻ አይደለም። ማን ነገረው? ነጋሪው ከየትኛው ወገን ነው? ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት ከባለ አገሮቹ ማን አይቶ አረመው? እኛም አንድ ቀን ጐብኝተን ለተመለስንበት መንደር ንድፍ ስናወጣ እነዚሁ ጥያቄዎች ይመለከቱናል።

ሉዶልፍ በ1704 በፍራንክፈርት ሞተ። በ1691 ለታሪኩ ባሳተመው ማብራሪያ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አስቀርጾ አውጥቷል። አንባቢው ዕውቀቱ ከማን እንደ መጣ እንዲያይ አድርጓልና፣ ከሥራው ሁሉ ይህን ልንከተለው ይገባል።