አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ

አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ (ኦክቶበር 24 ቀን 1632 – ኦገስት 26 ቀን 1723 እ.ኤ.አ.) የኔዘርላንድ ጨርቅ ነጋዴና ተመራማሪ ነበር። ባክቴሪያን አይቶ የገለጸ የመጀመሪያው ሰው በመሆኑ ብዙ ጊዜ የማይክሮባዮሎጂ አባት ይባላል። ዛሬ ባዮፊልም የሚባለውን፣ ማለትም በአንድ ገጽ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባክቴሪያ ንጣፍን፣ በማይክሮስኮፕ የመረመረ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ነው።

የሕይወት ታሪክ

ሌቨንሁክ የተወለደው በደልፍት ከተማ ነው። አባቱ ቅርጫት ሠሪ ሲሆን የሞተው ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ነበር። አንቶኒ በ16 ዓመቱ ወደ አምስተርዳም ሄዶ የጨርቅ ንግድ ተማረ። በ1654 ወደ ደልፍት ተመልሶ አገባና የራሱን ሱቅ ከፈተ። ከ1660 ጀምሮ በከተማው አስተዳደር ውስጥም ሠርቷል። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የዘመኑ የሊቃውንት ቋንቋ የነበረውን ላቲንም አያውቅም ነበር። ደብዳቤዎቹን ሁሉ የጻፈው በሆላንድኛ ነው።

ማይክሮስኮፖቹ

መሣሪያዎቹን የሚሠራው ራሱ ነበር። እያንዳንዱ በሁለት የብረት ዝርግ መካከል የተያዘ አንድ ትንሽ ሌንስ ብቻ አለው። እስከ ዛሬ ከተረፉት መካከል የተሻለው 270 ጊዜ ያህል ያጎላል።

በ1676 በውሃ ውስጥ ስላያቸው ጥቃቅን ሕያዋን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ሲጽፍ ብዙዎች ተጠራጠሩ። ሮበርት ሁክ በ1677 ሙከራውን ደግሞ እውነትነቱን አረጋገጠ። ሌቨንሁክም በ1680 የማኅበሩ አባል ሆኖ ተመረጠ።

የጥርስ ላይ ምልከታ

በ1683 በጥርሶቹ መካከል የተጋገረውን ነጭ ነገር ፍቆ ከንጹሕ የዝናብ ውሃ ጋር በመቀላቀል ተመለከተ፤ በውስጡም እጅግ ብዙ የሚንቀሳቀሱ ሕያዋንን አገኘ። ጥርሱን ዘወትር በጨው ያጸዳ ስለነበር ግኝቱ አስገራሚ ነበር።

ቀጥሎ ኮምጣጤን ሞከረ። ከአፍ በወጣው ፍቅፋቂ ላይ ኮምጣጤ ሲጨመር ሕያዋኑ ሞቱ። በኮምጣጤ አፍን መጉመጥመጥ ግን በጥርስ ላይ ያሉትን ሁሉ አላጠፋም። ሌቨንሁክ ከዚህ ተነሥቶ ኮምጣጤው የላይኞቹን ብቻ እንደሚገድልና ወደ ንጣፉ ውስጥ ዘልቆ እንደማይገባ ተረዳ።

በኢንዱስትሪ ያለው ትርጉም

ይኸው ችግር ዛሬ በፋብሪካ ቧንቧዎች ውስጥ ያጋጥማል። ባክቴሪያዎች በቧንቧው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ራሳቸውን በሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገር ይሸፍናሉ። ንጣፉ የውሃውን ፍሰት ያውካል፣ የሙቀት ልውውጥን ይቀንሳል፣ ብረቱም እንዲበላ ያደርጋል። ክሎሪን በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ቢገድልም በንጣፉ ሥር ያሉት ሊተርፉና እንደገና ሊራቡ ይችላሉ። ስለዚህ የውሃ ናሙና ብቻውን አያስተማምንም። ትናንሽ የብረት ቁራጮች በመስመሩ ውስጥ ተቀምጠው በየጊዜው እየወጡ ይመረመራሉ፤ የግፊት ለውጥም ይለካል። ለማጽዳት ደግሞ ከኬሚካል በተጨማሪ መፋቅ ወይም በኃይለኛ የውሃ ግፊት ማጠብ ያስፈልጋል።

ሞት

ሌቨንሁክ በ90 ዓመቱ በደልፍት አረፈ። የተቀበረው በዚያው ከተማ በሚገኘው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነው።